ከጅቡቲ እስከ ባሕር ዳር፦ በባቡር ወይስ በተሳቢ?

ባሕር ዳር ባቡር አይገባም። ከጅቡቲ የሚመጣው ሐዲድ ድሬዳዋን፣ አዋሽን፣ አዳማንና ሞጆን አልፎ ሰበታ ላይ ያበቃል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጭነትም ሰውም ያመላልሳል። እና ባቡር የመረጠ የባሕር ዳር ነጋዴ መኪና መከራየቱ አይቀርለትም።

የባቡሩ ዕቃ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይወርዳል። ጉምሩኩ እዚያ ያልቃል። እስከ ባሕር ዳር ግን ገና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፤ ዓባይ በረሃም መሃል ላይ ነው። ዋጋ ስታሰሉ የማውረጃውን፣ የመጫኛውንና የሁለተኛውን መኪና ሂሳብ ደምሩበት።

እኔን የጎዳኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። አንዴ ሴራሚክ አስመጣሁ። ባዶው ኮንቴይነር ቶሎ ይመለስ ተብሎ ዕቃው ሞጆ ላይ ወደ ሌላ መኪና ተገለበጠ። ባሕር ዳር ሲደርስ ካርቶኑ ላይ ጭረት እንኳ የለም። አንዱን ብድግ ሳደርገው ውስጡ ተንኮሻኮሸ። ቀጣዩም እንደዚያው። ጫኞቹ ዝም ብለው ተያዩ።

በተሳቢ ቀጥታ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፦ ጋላፊ፣ ሚሌ፣ ወልዲያ፣ ደብረ ታቦር፣ ወረታ። ወረታ ደረቅ ወደብ አለው፤ ከዚያ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የጋሸናና የጋይንት ደጋ ሾፌሩን ያደክማል እንጂ ኮንቴይነሩ መንገድ ላይ አይከፈትም። ችግሩ መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል። ሾፌሮችን የዚያኑ ሳምንት ጠይቁ።

ለመስታወት፣ ለሴራሚክ፣ ለማሽን እኔ ወረታን እመርጣለሁ። ዕቃችሁ ግማሹ አዲስ አበባ የሚሸጥ ከሆነ ግን ባቡሩ ይሻላል፤ ሞጆ ላይ ለሁለት መከፈሉ አይቀርማ። መዳረሻውን ከትራንዚተራችሁ (ጉምሩኩን ከሚያስፈጽምላችሁ ሰው) ጋር የምትወስኑት ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው። መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ መቀየር ጣጣ አለው።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ድረስ የተጀመረው ሐዲድ ሥራ ቢጀምር ይህ ሁሉ ሂሳብ ይቀየራል። ሐራ ከወልዲያ ቅርብ ነው።

ለተሳፋሪም ያው መቀያየር አለ። ድሬዳዋ በባቡር ልሂድ ካላችሁ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገብቶ ማደር ነው፤ ባቡሩ የሚነሳው ጠዋት፣ ከለቡ በኩል ነው። የቸኮለ አውሮፕላን ይያዝ። በረሃውን በመስኮት እያዩ መሄድ የሚወድ ደግሞ ባቡሩን አይቆጭበትም፤ ግን በየቀኑ ስለማይነሳ ቀኑን ሳታረጋግጡ ከባሕር ዳር አትውጡ።