ሂሊየም-3 ዒላማ፦ በሩቢዲየም ወይስ በኤሌክትሪክ ብልጭታ?

የኤሌክትሮን ጨረር ተተኩሶበት እንዲጠና ኒውትሮንን ብቻውን ዒላማ አድርጎ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ከኒውክሊየስ ከወጣ ሩብ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይፈርሳል። ሁለት ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ያለው ሂሊየም-3 የሚፈለገው ለዚህ ነው፦ የሁለቱ ፕሮቶኖች ስፒን (አቅጣጫ ያለው፣ ሽክርክርን የሚመስል የቅንጣት ባሕርይ) አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሱ ስለሚጠፋፋ የኒውክሊየሱን ስፒን የሚሸከመው በዋናነት ኒውትሮኑ ነው። ስፒኑን በአንድ አቅጣጫ የሚያሰልፉት ዘዴዎች ግን ሁለት ናቸው፦ አንዱ ሩቢዲየም በተባለ ብረት፣ ሌላው በኤሌክትሪክ ብልጭታ፤ መራጭን የሚያሳስቱትም በፖላራይዜሽን (ስፒኖቹ በአንድ አቅጣጫ በተሰለፉበት መጠን) መቶኛ ብቻ ሲወዳደሩ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው የኤሌክትሮን ጨረሩና በአካባቢው ያለው ማግኔት ናቸው።

በቨርጂኒያው ጄፈርሰን ላብ የተለመደው የሩቢዲየሙ ዘዴ ነው። ጋዙ ከጥቂት ሩቢዲየም ጋር በመስተዋት ዕቃ ይታሸጋል፤ የላይኛው ክፍል በምድጃ ሲሞቅ 795 ናኖሜትር ሌዘር ሩቢዲየሙን ያሰልፋል፣ እሱም በግጭት ስፒኑን ለሂሊየሙ ያስተላልፋል። ጨረሩ የሚያልፈው ከታች ባለው 40 ሴንቲሜትር ገደማ ቱቦ ነው። አዝጋሚ ነው፤ ሰዓታት ይፈጃል፣ ፖታሲየም ሲጨመርበት ግን ይፈጥናል። ጥቅሙ ጋዙ ወደ 10 አትሞስፌር ታምቆ መቀመጡ ነው፤ በአስር ማይክሮአምፔሮች የሚቆጠር ጨረር ችሎ ከ50 በመቶ በላይ ፖላራይዜሽን ይይዛል። ጣጣው መስተዋቱ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የቀረች ጥቂት ቆሻሻ ስፒኑን ታጠፋለች፤ ከአንድ እጅ የወጡ ሁለት ዕቃዎች እንኳ እኩል አይሆኑም፣ አንዳንዱም በሥራ ላይ ይፈነዳል።

የብልጭታው ዘዴ ሩቢዲየም አያስፈልገውም። በአንድ ሚሊባር አካባቢ ባለ ስስ ጋዝ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አንዳንድ አተሞችን ያነቃቃል፤ 1083 ናኖሜትር ሌዘር እነዚህን ሲያሰልፍ ሌሎቹም በግጭት ይከተላሉ። ደቂቃዎች ይበቁታል፣ ጋዙም ንጹሕ ነው። ግን ስስ ነው። በሃምቡርግ የሄርሜስ ሙከራ በ1995 ስስነቱን እንዳለ ተቀብሎ ጋዙን በማከማቻ ቀለበቱ ጨረር መንገድ ላይ አፈሰሰው፤ በጀርመን ማይንትስ ግን ስፒኑን ሳያጠፋ ጋዙን የሚያምቅ መሣሪያ ሠሩ። ያ መሣሪያ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ሙከራችሁ ጠንካራ ማግኔት ውስጥ ከሆነ፣ በጥቂት አስር ጋውስ እኩል መስክ የሚሠራው የተለመደው የሩቢዲየም ዒላማ አይመችም። ብልጭታው ግን በቴስላ በሚለካ መስክ (አንድ ቴስላ 10,000 ጋውስ ነው)፣ ከፍ ባለ ግፊትም ይሠራል። ከባድ የኤሌክትሮን ጨረር ላላቸው ግን ያለማመንታት ሩቢዲየሙን እመርጣለሁ።

ሁለቱም ከሱቅ ተዘጋጅተው የሚገዙ አይደሉም። ሩቢዲየሙን የመረጠ፣ ከሌዘሩ በፊት ጥሩ መስተዋት ነፊ ይፈልግ።