የኢሜይል አድራሻዬ የኔ አልነበረም፤ ዶሜን በሰው የምታስገዙ ተጠንቀቁ

ከቢሯቸው ከወጣሁ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ዓይነታቸውን ታውቃላችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ኮምፒውተር፣ በር ላይ ባነር፦ ዌብሳይት፣ ሆስቲንግ፣ የድርጅት ኢሜይል፣ ሁሉም በአንድ ፓኬጅ። በዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለን ሁሉ የምንሄደው እነሱ ጋ ነው። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ሄድኩ። አስጎብኚ ነኝ፤ ደንበኞቼ ጀርመንና ሆላንድ ናቸው፤ በነጻ ኢሜይል ስጽፍላቸው ይጠራጠሩኝ ነበር። ስለዚህ የራሴ ዶሜን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻ ላይ ከ@ በኋላ የሚመጣው ስም፣ ፈለግሁ። ባለቤቱ ቡና አዝዞ፣ "ጋሼ፣ ዶሜኑ የራስዎ ከሆነ ኢሜይሉም የራስዎ ነው። ነገ ሌላ አገልግሎት ቢመርጡ አድራሻዎ አይቀየርም። ማንም አያይብዎትም" አለኝ። 18 ሺህ ብር ከፈልኩ፤ ከዚያ በየዓመቱ 9 ሺህ። የሚያንገበግበኝ ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ዶሜኑን የያዘ ሰው ኤምኤክስ የሚባለውን፣ ኢሜይሉ የት እንደሚደርስ የሚናገረውን መስመር ቀይሮ ኢሜይሉን ወደፈለገው ድርጅት ያዞራል። የያዘ ሰው ነው ታዲያ።

ዛሬ የሄድኩት ለዚያው ነበር። መልእክቶቼ ደንበኞቼ ጋ ስፓም ውስጥ እየገቡ ስላስቸገሩኝ ላዞረው ፈለግሁ። እዚያ የሚሠራው ልጅ ስልኩን እየነካካ ሰማኝና "ዶሜኑ የማን ነው?" አለ።

"የኔ ነዋ።"

ስክሪኑን ወደኔ አዞረ። "እስቲ ስምህን አሳየኝ።"

አንተ አለኝ። የአባቱ እኩያ ነኝ።

ባለቤት በሚለው ቦታ የድርጅታቸው ስም አለ። ስልኩ የነሱ፣ ኢሜይሉ የነሱ። "ታዲያ የከፈልኩት ለምንድን ነው?" ስለው "ለአገልግሎት" አለ። ደረሰኙን አወጣሁ። እውነትም "የዌብሳይት አገልግሎት" ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላነበብኩትም።

ከዚያ "ኢሜይልህ እየሠራ ምን ቸገረህ?" ብሎ፣ የይለፍ ቃሌን ሳይጠይቀኝ፣ ዓይኔ እያየ ሳጥኔን ከፈተው። ከላይ ትናንት ማታ የገባ የአንዲት ደንበኛ መልእክት አለ፣ ከነፓስፖርቷ ቅጂ። አስተዳዳሪዎቹ እነሱ ናቸውና ሲፈልጉ ይከፍቱታል። ሴትዮዋ ፓስፖርቷን የላከችው ለኔ ነበር፤ እኔን አምና።

ዶሜኑን ለመልቀቅ 80 ሺህ ብር ጠየቁ። የዶት ኮም ዶሜን በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው! ካልከፈልኩ መስከረም ላይ አያድሱትም። ያልታደሰ ዶሜን ቆይቶ ለገበያ ይለቀቃል፤ የገዛው ሰው ለኔ የሚላከውን ሁሉ፣ የሌሎች አካውንቶቼን የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ ሳይቀር ይቀበላል። ዶሜኑን ወደ ሌላ መዝጋቢ፣ ማለትም ዶሜን ወደሚመዘግብ ሌላ ድርጅት፣ ለማዛወር የሚያስፈልገው ኮድም የሚሰጠው በስሙ ለተመዘገበው ነው።

የእህቴ ልጅ ያኔ "ጋሼ፣ አካውንቱ በስምህ ይሁን" ብሎኝ ነበር። "ሰውየው ጨዋ ነው" ብዬ ዝም አሰኘሁት። ልጅ ብዬ ናቅሁት።

እባካችሁ፣ ዛሬውኑ የመዝጋቢውን አካውንት ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ። ካርድ ባይኖራችሁ ሰው ይክፈልላችሁ፤ አካውንቱን ግን በራሳችሁ ስም፣ ከዚያ ዶሜን ውጪ ባለ ኢሜይል ራሳችሁ ክፈቱት።

እኔ አሁን ለዚያች ደንበኛ ስለ ፓስፖርቷ መጻፍ አለብኝ። ከዚያ አድራሻ አልጽፍላትም። ከማታውቀው አድራሻ ስጽፍላት ደግሞ እኔ መሆኔን በምን ታምናለች?