ሐዋሳ ውስጥ ልጄን ጥርስ ያስሞላሁበት ክሊኒክ

የ6 ዓመት ልጄን የመንጋጋ ጥርስ ለማስሞላት ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ «ካለቀስክ መርፌ ትወጋለህ» ብዬዋለሁ። ያደግነው እንዲህ ነዋ!

ወንበሩን ሲያይ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። እጁን ጥፍር አድርጌ ልይዘው ስል ሐኪሟ «ቆይ እህቴ፣ አትያዢው» አለችኝ። የማጽጃዋን ብሩሽ ጥፍሩ ላይ ቀስ አድርጋ አዞረችለት። ኮረኮረው መሰለኝ፣ ሳቀ። ከዚያ ነው አፉ ውስጥ ያስገባችው። መጀመሪያ መንገር፣ ከዚያ ማሳየት፣ ከዚያ መሥራት ነው ዘዴው።

«የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወልቅ የለ?» አልኳት። የኋላዎቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ አለችኝ።

ማታ አሜሪካ ላለችው እህቴ ደወልኩ። የሷን ልጅ በአፍንጫው የሚያረጋጋ ጋዝ እያስሳቡ ነው የሠሩለት። እናቴ ደግሞ «ሁለት ሰው ቢይዘው በደቂቃ ያልቅ ነበር» አለች።

ቅሬታዬ ቀጠሮው ላይ ነው። ለ4 ሰዓት ተቀጥረን የገባነው 6 ሰዓት ከሩብ። የራበው ልጅ ደግሞ ምንም ብታሳዩት አይስቅም፤ ቁርስ አብልታችሁ ሂዱ።

ልጄ አሁን ለጎረቤት ሁሉ ጥፍሩን እያሳየ ነው።