ኪንድል፣ ኮቦ ወይስ ቡክስ? የአማርኛ ፊደል በየትኛው ያምራል

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ እንደ ኪንድል፣ ኮቦ ወይም ቡክስ ያለ የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ አምጣልኝ ከማለታችሁ በፊት ስንት ጊጋባይት እንደሚይዝ ሳይሆን ፊደል እንዴት እንደሚያሳይ አጣሩ። «ሹ»ን ከ«ሺ» የሚለየው የአንዲት ትንሽ ቅጥያ ቦታ ነው። ስክሪኑ ሻካራ ከሆነ መጀመሪያ የምትደበዝዘው እሷው ናት። የ2019ኙ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) መደበኛ ኪንድል በኢንች 167 ፒክሰል፣ ማለትም ምስል የሚሠሩ ነጠብጣቦች፣ ብቻ ስላለው በርካሽ ብታገኙትም ይቅርባችሁ። የ2022ቱ መደበኛ ኪንድል፣ የ2024ቱ ኪንድል ፔፐርዋይትና ኮቦ ክላራ ቢደብልዩ ግን ሁሉም 300 ናቸው፤ በዚህ አይበላለጡም።

በኪንድልም በኮቦም የራሳችሁን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) በዩኤስቢ መጫን ይቻላል። እኔ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክን እመርጣለሁ። ከቀጭን እስከ ደማቅ ብዙ ውፍረት ስላለው መካከለኛውን ስትጭኑ ጽሑፉ ጠቆር ብሎ ይወጣል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የቁም ጽሕፈት ለዛ አለው፤ ነገር ግን የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። የጫናችሁት ፎንት የመጽሐፉን ገጽ እንጂ የመሣሪያውን ሜኑ እንደማይቀይር ልብ በሉ።

ኮቦ የሚበልጠው በመስመር ክፍተት ነው። ፊደላችን ላይና ታች ሞልቶ ስለሚቀመጥ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገጹ ይጨናነቃል። ኪንድል ለረጅም ጊዜ ጥቂት የተወሰኑ ደረጃዎችን ብቻ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ኮቦ ላይ ግን በጣታችሁ እየጎተታችሁ እስኪስማማችሁ ታስተካክላላችሁ። በሁለቱም ላይ አሰላለፉን ወደ ግራ ብቻ አድርጉት፤ «እስኪመለሱላቸው» ዓይነት ረጅም ቃል ግራ ቀኙ እኩል በሆነ ጠባብ ገጽ ላይ ሲገባ በቃላቱ መሃል ሰፊ ቀዳዳ ይተዋል።

በብዛት የምታነቡት እንግሊዝኛ ከሆነ ኪንድል ይበቃችኋል። የአማርኛ ኢፐብ (ጽሑፉ በስክሪኑ ልክ የሚደረደር የኢ-መጽሐፍ ፋይል) ካላችሁ ኮቦን ግዙ።

ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ፎንትም ክፍተትም አይሠራበትም፤ ገጹ ፎቶ ነው። በቪዥዋል ግዕዝ (በድሮው የአማርኛ መተየቢያ) የተተየበ የቆየ ፒዲኤፍም ወደ ኢፐብ ሲቀየር የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ለእነዚህ የሚያዋጣው ሰፊ ስክሪን ነው። ቡክስ ጎ 10.3 በ10.3 ኢንችና በ300 ፒክሰል ገጹን ያለ ብዙ ማጉላት ያስነብባል፤ አንድሮይድ ስለሆነም የለመዳችሁትን የንባብ አፕ ትጭኑበታላችሁ። ችግሩ የራሱ መብራት የለውም። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ከማዘዛችሁ በፊት የፊት መብራት ያለውን የቡክስ ሞዴል ፈልጉ።