አቧራን ከሰማይ ማየት፦ «ወርልድቪው»ን ሞከርኩት

አስም አለብኝ። አቧራ ጠላቴ ነው። ጠላቴን ከላይ ሆኖ የሚያሳይ ዌብሳይት አለ ሲሉኝ ታዲያ ሳልውል ሳላድር ከፈትኩት። ናሳ የሠራው «ወርልድቪው» ነው። ነፃ ነው፤ አካውንት ክፈት የሚል ጣጣም የለውም።

ሲከፈት ምድር በዕለቱ በሳተላይት እንደተነሳች ትመጣለች። ከታች ቀን መቀየሪያ አለ፤ ከ20 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት እ.ኤ.አ. ወደ ጁን 2020 ነው። ያኔ ከሰሃራ ተነስቶ «ጎድዚላ» የሚል ስም የወጣለት አቧራ ነበር። አንድ አንድ ቀን እያልኩ ስገፋ፣ ቡናማው መጋረጃ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወጥቶ አትላንቲክ ላይ ተዘረጋ። ሰማያዊውን ውሃ ሸፈነው። ካሪቢያን እስኪደርስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

መነሻው ላይ ግን ተሸወድኩ። በረሃውን አጉልቼ ሳየው ምንም የለም፣ አሸዋ ብቻ። «ሰላም ነው» ብዬ አለፍኩት። ለካ አቧራውና አሸዋው ቀለማቸው አንድ ነው! የሚጋለጠው ባሕር ላይ ሲወጣ ነው። መፍትሔው የኤሮሶል ኢንዴክስ የሚባለውን ሌየር፣ ማለትም አየር ላይ የተንሳፈፈ ብናኝን የሚያሳይ ተደራቢ ምስል፣ መጨመር ነው፤ ዓይን በማያየው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚሠራ አሸዋው አያታልለውም። ምስሉ ሻካራ ነው፣ የእሳት ጭስንም እንደ አቧራው ያደምቃል። ስለዚህ ከተራው ፎቶ ጋር እያፈራረቃችሁ እዩት።

አንድ ቦታ ብቻ እዩ ብትሉኝ ቦዴሌን እላለሁ። ቻድ ውስጥ፣ በቲቤስቲና በኤኔዲ ተራሮች መካከል ያለ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ነፋሱ በተራሮቹ መሀል ተጨምቆ ሲወጣ የጥንት ሐይቅ ወለል ይጠርጋል። የዲሴምበርና የጃንዋሪ ቀኖችን አገላብጡ። አቧራው ነጣ ያለ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የጥቃቅን አልጌዎች ቅሪት አለበት። ፎቶው ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል።

የዚህ አቧራ ጉዞ ከፎቶው ይሰፋል። ካሊፕሶ የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 በሌዘር የለካችውን ይዘው ያሰሉ ተመራማሪዎች፣ በአማካይ በዓመት 182 ሚሊዮን ቶን አቧራ ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ እንደሚወጣ አግኝተዋል። 27.7 ሚሊዮኑ አማዞን ላይ ይወርዳል። አብሮት 22,000 ቶን ገደማ ፎስፈረስ አለ፤ ዝናብና ጎርፍ ከደኑ ከሚያጥቡት ጋር የሚቀራረብ። እኔን የሚያፍነኝ ነገር ለዛፍ ማዳበሪያ ነው። ሳንባዬ ባይስማማም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ደመና ካለ ከሥሩ ያለው አይታይም። ቴራና አኳ የተባሉት ሳተላይቶች በቀን ብርሃን አንድን ቦታ የሚያዩት በቀን አንዴ ገደማ ነው፤ ከሰዓት የተነሳ አቧራ ቴራ ጠዋት ባነሳችው ላይ አይኖርም። ለእኔ ትልቁ ግን ከፍታው ነው። ፎቶው አቧራው አፍንጫዬ ሥር ይሁን ብዙ ሺህ ሜትር ላይ አይለይም። ካሊፕሶ ከፍታ ትለካ ነበር፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራዋን ጨርሳለች።

ስለዚህ ልውጣ ልቅር ለማለት አልጠቀምበትም። ለዚያ መሬት ላይ የተተከለ የአየር ጥራት መለኪያ ነው የማየው። ወርልድቪውን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያሳለኝ ከየት እንደመጣ ለማወቅ።