ከካርቶኑ ያልወጣው ፍላሽ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ክስ፣ መልስና ይግባኝ የምጽፍባት ትንሽ ቤት አለችኝ። ባለጉዳይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይሰለፋል፤ ቀጠሮው 3 ሰዓት የሆነ ሰው አቤቱታው ታትሞ እጁ ካልገባ ጉዳዩ ሊበላሽበት ይችላል። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒውተሬ መንቀራፈፍ ሲጀምር ያገለገለ መግዛት አልፈለግሁም። ገንዘብ አጠራቅሜ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ገዛሁ። ስለ ዕቃው ብዙ አልልም፤ ፈጣን ነው፣ ሲሠራ አይጮኽም፣ ጠረጴዛ አያጣብብም። ይህን የምጽፈው ሲስተሙን መልሶ ስለሚተክለው ፍላሽና ስለ ድራይቨሮቹ፣ ማለትም ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ክፍሎች እንዲያዝ ስለሚያስችሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ነው፤ እነሱን እስካገኝ ድረስ ሦስት ሳምንት ተንከራትቻለሁና።

ካርቶኑ ሱቁ ውስጥ ፊቴ ተከፈተ። የኃይል ገመድ፣ ኪቦርድ፣ ማውስና ሁለት ሦስት ወረቀት ወጣ። «ሲበላሽ መልሼ የምጭንበት ሲዲ የታለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ «እህቴ፣ ሲዲ ድሮ ቀረ» አለኝ። በዚህስ አልዋሸኝም፤ አምራቾች ሲዲ ማስገባት ከተዉ ቆይተዋል፣ መመለሻውን የሚያስቀምጡት እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ በሀርድ ዲስኩ የተለየ ክፍል ነው። ቀጥሎ ግን «ዊንዶውስ በነፃ እንጭንልሻለን» ብሎ ወደ ጓዳ ወሰደው። ከፋብሪካ የመጣውን ዊንዶውስ ከነመመለሻ ክፍሉ ደምስሶ፣ ለመጣው ሁሉ የሚጭነውን ቅጂ ጭኖ መለሰልኝ። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዊንዶውስ 11 ፕሮ ይላል። ገንዘብ የከፈልሁበትን ነገር ነው ያጠፋብኝ።

ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ድምፅ የለም፤ የኔትወርክ ገመዱን ብሰካው ኢንተርኔት አልያዝ አለ፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ዊንዶውሱ ፈቃድ እንደሌለው የሚናገር ጽሑፍ ወጣ። ሱቁ «ዋስትናው ለዕቃው ነው፣ ለሶፍትዌር አይደለም» ብሎ መለሰኝ። ወደ አንድ ጠጋኝ ቤት ወሰድሁት። ጠጋኙ ፍላሽ ሰክቶ ዊንዶውስ ሊጭን ቢሞክር ዲስኩ የሚታይበት ቦታ ባዶ ሆነ። «ሀርድ ዲስኩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለና ዋጋ ጠራልኝ። ወር ያልሞላው ዕቃ! ታቅፌው ወጣሁ።

ያዳነኝ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሳጥኑን ገልብጦ ትንሿን ወረቀት አሳየኝ፤ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባቸው 7 ምልክቶች ናቸው። «እትዬ፣ ይህ ሰርቪስ ታግ ይባላል፣ የኮምፒውተሩ መታወቂያ ነው» አለኝ። ዲስኩም አልሞተም። በእነዚህ አዳዲስ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ዲስኩ ቪኤምዲ በሚባል መቆጣጠሪያ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ሊመጣ ይችላል፤ የመጫኛው ፍላሽ የዚያ ድራይቨር ከሌለው ዲስኩን ጭራሽ አያየውም። ጠጋኙ የጎደለውን ድራይቨር ሳይፈልግ በደህና ዲስክ ላይ ሞት ፈረደ።

ሰርቪስ ታጉን የዴል የድጋፍ ገጽ ላይ ስናስገባ የዚያው ማሽን ድራይቨሮች በሙሉ ተዘርዝረው መጡ፦ የኔትወርክ፣ የድምፅ፣ የስክሪን፣ የቺፕሴት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ባዮስ የሚባለው ፕሮግራምም ጭምር። የዋስትናው ማብቂያ ቀንም እዚያው ነበር። በሞዴል ስም ብቻ አትፈልጉ። 7010 የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሌላ ኦፕቲፕሌክስ ላይም አለ፤ የእኔ የ2023ቱ ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ በስሙ ፈልጌ የአሮጌውን ድራይቨር አውርጄ ነበር፤ አንዱም አልሠራልኝም።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባን። ዴል የፋብሪካውን ሲስተም ወደ ፍላሽ የሚያወርድ ኦኤስ ሪከቨሪ ቱል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለው። ዊንዶውስ ያለበት ሌላ የሚሠራ ኮምፒውተርና ቢያንስ 16 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ይፈልጋል። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ አዘጋጁ። የእኔ ከ10 ጊጋባይት በላይ ወረደ፤ በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ቀላል ወጪ አይደለም። የመጀመሪያው ማታ ግማሽ ላይ መብራት ሄደብን። በማግስቱ ኮምፒውተሩንም ሞደሙንም ዩፒኤስ ላይ ሰክተን እስከ እኩለ ሌሊት ጠበቅን።

ፍላሹን ሰክተን፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤፍ 12 ተጭነን፣ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን መረጥን። ዲስኩ ወዲያው ታየ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ ልገልጸው አልችልም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተጭኖ አለቀ፤ ድምፁ መጣ፣ ኔትወርኩ ያዘ። ኢንተርኔት እንዳገኘ የፈቃድ ቁጥር ሳይጠይቀኝ ዊንዶውሱ ራሱ ሕጋዊ ሆነ፤ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ሱቁ ዲስኩን ቢደመስስም እሱን አልነካውም። የቀረኝ የፕሪንተሩን ድራይቨርና የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን መጫን ብቻ ነበር።

የዴልን የድጋፍ ገጽና ይህን የመመለሻ ፕሮግራም ያለማመንታት እመክራለሁ። ከዚያም በላይ የምመክረው ለሱቁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት «ምንም አትጫኑ፣ እንደመጣ ስጡኝ» እንድትሉ ነው። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት፣ ሌላ ነገር ሳትነኩ መፈለጊያው ላይ ሪከቨሪ ድራይቭ ብላችሁ ጻፉ፤ ዊንዶውስ ራሱ የመመለሻ ፍላሽ ይሠራላችኋል፣ ያን ሁሉ ማውረድም አያስፈልግም። በሌላ ፍላሽ ላይ የኔትወርኩንና የዲስክ መቆጣጠሪያውን ድራይቨር አስቀምጡ፤ ኔትወርክ ከሌለ ሌላውን ማውረድ አይቻልምና።

የእኔን ሁለት ፍላሾች ፖስታ ውስጥ አድርጌ፣ ሰርቪስ ታጉን በቀይ እስክሪብቶ ላዩ ላይ ጽፌ ከንግድ ፈቃዴ ጋር ቆልፌባቸዋለሁ።