ባለ ሦስት ስክሪን የመኪና ጌም ከወራት በኋላ፦ ዋጋው ያለው ከጎን ነው

አዳማ ባለችኝ ትንሽ ጌም ቤት ሦስት ባለ 27 ኢንች ስክሪኖችን ከመሪና ከፔዳል ጋር አገጣጥሜ ማስነዳት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ስለ ምስሉ ጥራት ብዙ አልጽፍም፤ ደህና ነው። የምጽፈው ማንም ተጫዋች ትኩር ብሎ ስለማያያቸው ስለ ሁለቱ የጎን ስክሪኖች ነው። ያወጣሁትን ገንዘብ የመለሱልኝ እነሱ ናቸው።

የመሃሉን ብቻ ሳበራ ደንበኛው ጌም ይጫወታል። ሦስቱም ሲበሩ ግን መታጠፊያ ላይ ሰውነቱ ያዘነብላል፣ ቁልቁለት ላይ እግሩን ወለሉ ላይ ይተክላል። ወንበሩ ደግሞ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነው!

ምክንያቱ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 ብራንት፣ ዲችጋንስና ኮኒግ የተባሉ ተመራማሪዎች የውስጥ ግድግዳው መስመር በመስመር በሆነ፣ ከበሮ በሚመስል ትልቅ የሚሽከረከር ክፍል ውስጥ ሰው አስቀምጠው ፈትነዋል። የመሃል እይታው ተሸፍኖ የዓይኑ ጠርዝ ብቻ ክፍት ሲሆን እንኳን፣ የሚዞረው ከበሮው ሳይሆን ራሱ ይመስለው ነበር። መሃሉን ብቻ ሲያሳዩት ስሜቱ ይደክማል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ጥልቀት ያለው ምስል ከሆነ ትንሽ የመሃል ምስልም ይህን ስሜት ሊፈጥር እንደሚችል ስላሳዩ ጠርዝ ብቻውን ሁሉን ያደርጋል አልልም። በእኔ ቤት ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ውስጠኛው ጆሮ የሚነግረን የፍጥነትን ለውጥ ነው፤ ፍጥነቱ እኩል ሆኖ ሲቀጥል ዝም ይላል። ያን ጊዜ ምስክሩ ዓይን ብቻ ይሆናል። ጨዋታው ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚያሳምነው፣ ድንገተኛ ፍሬን ላይ ግን የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

ይህን ከሁሉ ቀድመው የሚይዙት በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮች ናቸው። ልጆቹ ሲስቁ እነሱ ያልባቸዋል። አንድ አንጋፋ የተሳቢ ሹፌር «ልጄ፣ ይሄ መኪና ይሮጣል እንጂ አይነቀንቅም፤ ሆዴን ገለበጠው» ብለውኝ ወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሄሊኮፕተር በረራ ማስመሰያ (ሲሙሌተር) ላይም ከተማሪዎቹ ይልቅ የታመሙት ልምድ ያላቸው አስተማሪዎች ነበሩ። ሰውነታቸው የሚጠብቀው እንቅስቃሴ አልመጣማ።

ለመግዛት ለምታስቡ፦ የጎኖቹ ስክሪኖች ርካሽና አሮጌ ቢሆኑ ግድ የለም። የዓይን ጠርዝ ጥቃቅን ነገር አይለይም፤ ብልጭ ድርግም የሚልን ነገር ግን ከመሃሉ ይበልጥ ይይዛል። ስለዚህ የሚርገበገብ ስክሪን በነጻ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። ርቀቱም ወሳኝ ነው። ከ60 ሳንቲ ሜትር ሲታይ አንዱ ስክሪን 53 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ሦስቱ ወደ ተመልካቹ ዞረው ሲቆሙ 160 ይጠጋሉ። አንድ ሜትር ብትርቁ ግን ሦስቱም ተደምረው 100 ገደማ ናቸው። በጨዋታው ውስጥ ያለው የእይታ ስፋት ከዚሁ ጋር ካልተስተካከለ መንገዱ ወይ ይንቀረፈፋል ወይ ያለ ልክ ይበርራል።

የሚያማርረኝ መብራት ነው። ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ግራውን ከቀኙ ያምታታዋል፤ እኔም ወረፋ በያዙ ልጆች ፊት እንደገና አስተካክላለሁ። የአዳማ ሙቀት ላይ የሦስት ስክሪን ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ቬንትሌተር የግድ ነው። ፊት ለፊት ስታቆሙት ነፋሱ ራሱ ፍጥነት ይጨምራል፤ ይህን አስቤበት አልነበረም።

ጠረጴዛው ወደ 130 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይፈልጋል። ያን ያህል ቦታ የሌለው ሰው አንዱን ስክሪን ገዝቶ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቀመጥ፤ 73 ዲግሪ ገደማ ያገኛል፣ የስክሪን ወጪውም ያነሰ ነው።